ለጦር መሣሪያ ሻጭ አባሎቻችን፦ ከኤቲኤፍ ፍተሻ በፊት

ውድ አባላት፣

የአሜሪካ ሕግ ለኤቲኤፍ (የጦር መሣሪያ ንግድን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) መርማሪ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ በ12 ወር አንድ ጊዜ ለመደበኛ ፍተሻ እንዲገባ ይፈቅዳል። ሱቅ ውስጥ ያለውን መሣሪያ የገባና የወጣ መሣሪያ ከሚጻፍበት መዝገብ ጋር ስለሚያመሳክር ቀድማችሁ ቁጠሩ። ተከታታይ ቁጥሩን ከካርቶኑ ሳይሆን ከብረቱ ላይ አንብቡ፤ ዜሮና "ኦ" እየተምታቱ ስንት ጣጣ አምጥተዋል!

የገባ መሣሪያ እስከ ቀጣዩ የሥራ ቀን ማብቂያ፣ የወጣ ደግሞ በ7 ቀን ውስጥ ይመዝገብ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፎርም 4473 (ለመሣሪያ ሽያጭ ገዢውና ሻጩ የሚሞሉት ቅጽ) ላይ ነው። ሽያጩ ካለቀ በኋላ ስህተት ካያችሁ ኦርጅናሉን አትንኩ። ፎቶኮፒ አንሱ፣ ኮፒው ላይ አርሙ፣ የስማችሁን መጀመሪያ ፊደላትና ቀኑን ጽፋችሁ ከኦርጅናሉ ጋር አያይዙ። የገዢውን ክፍል የሚያርመው ራሱ ገዢው ብቻ ነው።

ቆጠራው ላይ የጎደለ መሣሪያ ከተገኘ፣ ካወቃችሁበት ጀምሮ በ48 ሰዓት ውስጥ ለኤቲኤፍም ለአካባቢው ፖሊስም አስታውቁ።