የሾላዋን ተርብ «ትል» አትበሏት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

«አዲስ ዝርያ ተገኘ» የሚል ዜና ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ችግሩ ዜናው ግማሽ ላይ ይቆማል። አዲስ መሆኑ በምን ታወቀ? ከምን ጋር ተመሳክሮ? እሱን የሚነግረን የለም።

ለምሳሌ የሾላዋን ተርብ ልውሰድ። ልጆች ሆነን ሾላ ከፈል ስናደርግ ጥቃቅን ነገሮች ብር ብለው ይወጡ ነበር። እፍ ብለን፣ አራግፈን እንበላለን። ትል ነው ይሉናል። ትል ሳትሆን ተርብ ናት፣ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ የምታህል፣ ሰው የማትነድፍ። የሾላ አበባ ያለው ፍሬው ውስጥ ነውና ሴቷ ጫፉ ላይ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ተጨናንቃ ስትገባ ክንፏ ተነቅሎ እዚያው ይቀራል። ገብታ የአበባ ዱቄት ታራግፋለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ትሞታለች። ከልጆቿ ወንዶቹ ክንፍ የላቸውም። ለእህቶቻቸው መውጫ ቦርቡረው ይሞታሉ፣ ሴቶቹ ይበራሉ። ግብፅ ሾላው አለ፣ የአበባ ዱቄት የምታደርሰው ተርብ ግን የለችም፤ ስለዚህ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ፍሬውን በቢላ እየበጣ ነው የሚያበስለው።

አሁን «አዲስ ዝርያ» ብሎ ስም ወደማውጣቱ ልምጣ። በዚሁ በእኛው ሾላ ውስጥ ሁለት በጣም የሚመሳሰሉ ተርቦች አብረው ይገኛሉ። አንደኛዋ፣ በሳይንሳዊ ስሟ ሴራቶሶሌን አራቢከስ፣ ደረቷ ላይ ባለ ኪስ የአበባ ዱቄት ይዛ ትመጣለች። ሌላኛዋም ኪስ አላት፣ ግን አትሞላውም፤ የዛፉን ቤት ትጠቀማለች፣ ውለታ አትመልስም። ለዚህችኛዋ በ1964 እ.ኤ.አ. ሆላንዳዊው የነፍሳት ተመራማሪ ዊበስ ሴራቶሶሌን ጋሊሊ ብሎ ስም አወጣላት፣ የሾላን ነገር ለዓመታት ላጠናው እስራኤላዊ ያዕቆብ ጋሊል መታሰቢያ። ጋሊሊ ያን ዕለት አልተፈጠረችም። ስንት ዘመን ሾላችን ውስጥ ኖራለች፤ አዲሱ ነገር ሰው በማይክሮስኮፕ ቀንዷን፣ መንጋጋዋን፣ ክንፏን ከሌሎቹ ጋር አስተያይቶ መለየቱ ነው። ስም የወጣለት ነፍሳት አንድ ናሙናው ሙዚየም ይቀመጣል፣ የሚጠራጠር ሄዶ እንዲያየው።

ስለዚህ እባካችሁ እንዲህ ያለ ዜና ስትሠሩ ከየትኛው ዛፍ እንደተለቀመ፣ ናሙናው የት እንደተቀመጠ ጻፉልን። ከእኛ ዋርካ ወይም ሾላ የተለቀመ ከሆነማ ለአራት ኪሎው የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ደርሶታል ወይ ብላችሁ ጠይቁልን። እኔ ይሄ በጣም ያሳስበኛል፤ በገዛ ዛፋችን ውስጥ ያለውን ለማየት የእኛ ተማሪ አውሮፕላን መሳፈር የለበትም።

የባዮሎጂ መምህራን ደግሞ ይሄን ሞክሩ፦ ሊበስል የተቃረበ፣ ገና ያልተቦረቦረ ሾላ ቆርጣችሁ ብርጭቆ ውስጥ አድርጉ፣ አፉን በስስ ጨርቅ እሰሩት። ጊዜው የደረሰ ፍሬ ከሆነ ተርቦቹ ራሳቸው በስተው ይወጡና ብርጭቆው ላይ ሲሄዱ ታያላችሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ