ስለሳቅኩብሽ ነው የምጽፍልሽ

ሆዴ፣ እንዴት አደርሽ ልበልሽ እንዴት አመሸሽ፣ መቼ እንደምታነቢው ስለማላውቅ ደስ ያለሽን ውሰጂ። አሁን ከሌሊቱ 7 ሰአት ሆኗል። መብራት የመጣው 4 ሰአት ላይ ስለሆነ ምጣዱን ሰክቼ የነገ ደንበኞቼን እንጀራ እየጋገርኩ ነው፣ አንዱን አስፍቼ ስከድን ቴሌግራም እከፍታለሁ፣ ሲበስል አወጣና ተመልሼ እመጣለሁ፣ ስለዚህ ሀሳቤ ቢቆራረጥ ፊደሉም ቢሳሳት እለፊኝ፣ ስክሪኑ ራሱ ሊጥ በሊጥ ሆኗል።

11 ሰአት ላይ ሀዋሳ ገባን ስትይኝ ነው እህል የቀመስኩት። ሌሊት ከደብረ ብርሃን ከተነሳችሁ ጀምሮ ጫጫ፣ ሸኖ፣ አለልቱ፣ ሰንዳፋ እያልኩ በሀሳቤ አብሬሽ ስሄድ ነበር፣ ላምበረት ደረስን ስትይ ትንሽ ተነፈስኩ፣ ከዛ ወዲያ ያለውን ግን ስለማላውቀው ጎረቤታችን ሞጆ ዝዋይ ሻሸመኔ ብላ አስጠናችኝና እሱን ስደጋግም ዋልኩ። ለወጣቶቹ ስብሰባ ሀዋሳ እንድትሄጂ የምፈቅድበትን ፎርምም አምስት ቀን ሳልፈርም ያቆየሁት ለዚሁ ነው እንጂ አንቺን ሳላምን ቀርቼ አይደለም። መንገድ ስንቴ ሲዘጋና ሲከፈት እያየን እንዴት ብዬ ቶሎ ልፈርም?

ደሞ ሌላም ነገር አለ። ቲቸር ያነበቡልን ወረቀት ላይ ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 አመት ነው ይላል፣ የ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ ነው እንዲህ ያለው አሉ። ይሁን፣ ግን አንቺ 16 ነሽ፣ 29 አመት የሞላው ደሞ ጺሙን የሚላጭ ትልቅ ሰው ነው፣ ፖሊሲው ሁለታችሁንም ወጣት ቢላችሁ እኔ አልላችሁም። ስብሰባው ላይ እኩል ተከራከሪው፣ ከምሽቱ 2 ሰአት በኋላ ግን ክፍልሽ ግቢ። ይቺን ካልኩ ሌላ ምክር የለኝም፣ ካጎበር ውጪ እንዳትተኚ፣ ጥሬ አሳ እንብላ ካሏችሁም ይቅርብሽ። ጋቢውን ሻንጣሽ ውስጥ ደብቄ ስለከተትኩብሽ ተናደሽ ይሆናል፣ ሀዋሳ ሙቀት ነው እማ ብለሽኛል አዎ፣ እኛ ግን ከ2,800 ሜትር በላይ የምንኖር ሰዎች ነን፣ ሙቀት አለ ብሎ ነገር በወሬ አናምንም።

አሁን ወደዋናው ልምጣ። ማክሰኞ ማታ ስለሳቅኩብሽ ነው።

ማማሰያዋን እንደ ማይክ ይዘሽ ቁምሳጥኑ መስታወት ፊት ቆመሽ "ክቡራትና ክቡራን፣ ማህበረሰብ አቀፍ የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደርን ከወጣቶች ሁለንተናዊ ተሳትፎ ጋር በማቀናጀት" ስትይ ሳላስበው ፍርፍር ብዬ ሳቅኩ፣ አባትሽ ደሞ ብሶ ዜና ሰአት ደረሰ እንዴ አለ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈሽ ኪስሽ ከተሽ ተኛሽ። ረቡዕም ሀሙስም ደግመሽ አልተለማመድሽም። አይቻለሁ። ይቅርታ ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው፣ ግን ሻንጣ ሲታሰር በሶ ሲዘጋጅ ሳይመች ቀረ፣ ወይ እኔ አልደፈርኩም መሰለኝ።

በአንቺ አይደለም የሳቅኩት። የሳቅኩት ያ ወረቀት ላይ ያለው ጓሳ፣ የመንዙ የሳር መሬታችን፣ እኔ የማውቀው ጓሳ አልመስል ብሎኝ ነው። የጻፍሽው ቁጥር ልክ ነው እንዳትሰርዢው፣ ከ3,200 ሜትር በላይ መሆኑ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር መሆኑ፣ ህዝቡ ራሱ እየዘጋና እየከፈተ 400 አመት ገደማ ማቆየቱ፣ ቀይ ቀበሮውም። ግን አንቺ እኮ በአይንሽ አይተሽዋል። የ8 አመት ልጅ ሆነሽ መሀል ሜዳ አያትሽ ጋ ስንሄድ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ተቀምጠው ሳሩን በጣታቸው ቅንጥስ ቅንጥስ እያደረጉ ሲበሉ "እማ እንደ እማማ ጎመን ይቀነጥሳሉ" ያልሽው ትዝ ይልሻል? እሱ የት ሄደ? ለምን ወረቀቱ ላይ የለም?

ያልነገርኩሽ ታሪክም አለ። የኔ አያት፣ ማለት ያያትሽ አባት፣ አንድ ሰሞን ጓሳውን እንዲጠብቁ ህዝቡ መርጧቸው ነበር። ያኔ በአጽመ ርስት ነው፣ ድርሻ ያለው ሰው ሁሉ ተስማምቶ ሳሩን ለአመታት ይዘጋዋል፣ ሶስትም አምስትም አመት፣ ከዛ በበጋ ሲከፈት ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል፣ ለጣሪያ፣ ለገመድ፣ ለፍራሽ፣ ለመጥረጊያ ያጭዳል። እሳቸው የተመረጡበት ጊዜ ጓሳው የተዘጋበት ነው። የሳቸው ጣሪያ ደሞ አርጅቷል። ክረምት ገባና ቤቱ ማፍሰስ ጀመረ፣ ያያትሽ መደብ ላይ በቀጥታ ነው አሉ የሚንጠባጠበው፣ ገበቴ ከስሩ አስቀመጡ፣ እሱ ሲሞላ ያፈሱታል፣ ደሞ ሌላ ጋ ያፈሳል፣ ገበቴውን ይጎትቱታል። ሳሩ ከደጅ ሆኖ ይታያል፣ ያውም ወገብ የሚደርስ። ዘመዶች መጡና አንተ ጠባቂው አይደለህ እንዴ፣ ሌሊት አንድ ሁለት ሸክም ብታጭድ ማን ያይሃል አሏቸው። መልስም አልሰጡ፣ ገበቴውን አንስተው ውጪ ሊደፉት ወጡ። ክረምቱን እንዲሁ ከረሙ። ጓሳው የተከፈተ ጊዜም ከሰው ጋር አብረው ነው የወጡት፣ አንድ ቀን እንኳ አልቀደሙም።

አያትሽ ይሄን ሲያወሩ ስለ ጀግንነት አያወሩም፣ ስለ ብርዱ ነው የሚያወሩት፣ አባታቸውን ዛሬም ትንሽ የተቀየሙ ይመስለኛል። እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን አጭድ ነበር፣ ልጄ እየበሰበሰች ምን አይነት ህግ ነው እል ነበር። አንቺስ? እስቲ አስቢበት፣ እዛ ያሉትንም ልጆች ጠይቂያቸው።

በ1967 መሬት ሲታወጅ ያ ስርአት ፈረሰ። አዋጁ ለስንት ጭሰኛ እንጀራ እንደሆነ አልክድም፣ ጓሳው ግን ዛሬ የኮሚቴ ጥበቃ እስኪደራጅለት ድረስ ስንት ማጭድ አረፈበት መሰለሽ። እሱን ቲቸር ከኔ በላይ ያስረዱሻል።

አንዱ እንጀራ ሳወራሽ ደርቆብኝ መጣሁ፣ እሱ የኛ የቤት ነው እንግዲህ።

እና ያልኩሽ፣ ሶስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚሰጧችሁ ብለሻል አይደል፣ ከሶስቱ አንዱን ለገበቴው ስጪው። "ክቡራትና ክቡራን" የሚለውን ተይው አይጎዳም፣ አባትሽም ደስ ይለዋል። ሌላውን ግን ለኔ ከትምህርት ቤት መጥተሽ እንደምታወሪልኝ አድርገሽ አውሪው፣ ስታወሪ እኮ ሰው ሽሮው እስኪያርር ያዳምጥሻል፣ እኔ ስንቴ አሳርሬያለሁ። መንዝኛ አለብሽ ብሎ የሚስቅ ካለ ይሳቅ፣ እናትሽም ስቃብሽ አልሞትሽም።

ዛሬ ማታ ለአያትሽ ደውዬ ልጅቷ ሀዋሳ ሄዳ ስለ ጓሳ ልትናገር ነው ስላቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ "እዛ ጓሳ አለ እንዴ?" ነው። የለም አልኳቸው። "ታዲያ ሳያዩት ምን ብላ ታስረዳቸዋለች?" አሉ። እኔም መልስ አጣሁ፣ ስልኩን ዘግቼ ሊጥ ሳቦካ ነው ትዝ ያለኝ። የበሶው ከረጢት አፉ የታሰረበት ገመድ፣ ያ ቢጫ ሻካራው፣ የጓሳ ሳር ነው። ባለፈው ፋሲካ አያትሽ በእጃቸው ገምደው የሰጡኝ ነው፣ ሌላ ማሰሪያ ስላጣሁ ነው ያሰርኩበት። እንዳትቆርጪው በጥርስሽም እንዳትፈቺው፣ ቀስ ብለሽ ፍቺና ስትናገሪ በእጅሽ ያዢው፣ ይንኩት።

በሶውን ደሞ ለክፍል ጓደኞችሽ በጥብጪላቸው፣ ስኳር ለብቻው በላስቲክ አድርጌልሻለሁ። ስትነሺ ደውይልኝ፣ ከ12 ሰአት በፊት ከሆነ አባትሽ ጋ ደውይ እኔ እተኛለሁ።

እማ