የአስም ልጆች የሚለያዩት ከድንገተኛ ክፍል ከወጡ በኋላ ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፦

አስም ያለበት ልጅ ታፍኖ ሆስፒታል ሲደርስ፣ ያለው ቤተሰብ ልጅም የሌለውም የሚያገኙት ሕክምና ብዙም አይራራቅም፤ ኦክስጅን፣ የአየር ቧንቧ የሚከፍተው ሳልቡታሞል፣ ለጥቂት ቀን የሚዋጥ እብጠት የሚያበርድ ፕሬድኒሶሎን። ልዩነቱ የሚመጣው ቤት ከገቡ በኋላ ነው። አንዱን የሚከታተለው ሐኪም አለ፤ ሌላውን ሐኪም የሚያየው እንደገና ሲታፈን ነው።

ጉድለቱ ከጤና ኬላ ይነሣል። ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን እያሳለ በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ይባልና አሞክሲሲሊን ይሰጠዋል። ቆጠራው ብዙ ሕፃናትን ያተረፈ ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን የአስም ልጅም እንዲሁ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ደረቱ ሲር ሲር ለሚል ልጅ በመጀመሪያ ሳልቡታሞል በፓፍ (በአፍ በሚነፋው የመድኃኒት መንፊያ) በየ15 እስከ 20 ደቂቃው እስከ 3 ጊዜ ተሰጥቶ ትንፋሹ እንደገና ይቆጠር ይላል። ፓፍ በሌለበት ይህ ይዘለላል። በአንድ ዓመት ሦስት አራት ጊዜ «ምች» የተባለ ልጅ ሲገጥም አስምን አለመጠርጠር ስህተት ነው።

ጤና ጣቢያ ላይ በብዛት የሚገኘው ሳልቡታሞል ነው፤ እሱም አንዳንዴ ሽሮፕ። ሽሮፑ ዘግይቶ ይሠራል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል። ፓፉም ቢሆን የጠበበውን የአየር ቧንቧ ለጥቂት ሰዓት ይከፍታል እንጂ ውስጡን ያሳበጠውን ቁጣ አያበርድም። የሚያበርደው ልጁ ደኅና በሆነበት ቀን ጭምር በፓፍ የሚወሰደው ቤክሎሜታዞን ወይም ቡዴሶናይድ ነው። ይህ መድኃኒት ጤና ጣቢያው ከሌለው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር የያዘ ቤተሰብም ከግል መድኃኒት ቤት በኪሱ ይገዛል፤ ካልቻለ ይተወዋል።

ሒሳቡን እንይ። አንድ የቤክሎሜታዞን ፓፍ በአብዛኛው 200 ጊዜ ይነፋል። ጠዋት 2፣ ማታ 2 ለታዘዘለት ልጅ 50 ቀን ይበቃል። የ3 ወር ቀጠሮና አንድ ፓፍ ይዞ የወጣ ልጅ 40 ቀን ያህል ያለ መድኃኒት ይቆያል ማለት ነው። ቆጣሪ የሌለው ፓፍ ደግሞ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም «ፍስስ» ማለቱን ስለማይተው እናት አታውቅም። ውኃ ላይ አንሳፍፎ መፈተንም አያስተማምንም፤ የተጀመረበትን ቀን ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ይሻላል። በተቃራኒው በዓመት 3 የሳልቡታሞል ፓፍ የሚጨርስ ልጅ ሕክምናው እንዳልበቃው ሊታወቅ ይገባል።

ስፔሰር (በፓፉና በልጁ አፍ መካከል ሆኖ የተነፋውን መድኃኒት የሚይዝ ዕቃ) መግዛት የማይችል ቤተሰብ በግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ሊሠራ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ የኬፕታውን ጥናት ከሚገዛው እንደማያንስ አሳይቷል። የፕላስቲኩ ቂጥ በፓፉ አፍ ልክ በጋለ ሽቦ ይበሳል፤ ዙሪያው በፕላስተር ይታሸጋል። በሳሙና ታጥቦ ሳይወለወል ይድረቅ፤ በጨርቅ ሲታሽ መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው ይስባል። ፓፉ ተነቅንቆ አንድ ጊዜ ይነፋል፤ ልጁ በጠርሙሱ አፍ ከ3 እስከ 5 ጊዜ እንደ ወትሮው ይተነፍሳል፤ ሁለተኛው ከዚያ ይከተላል። ሁለቱን አከታትሎ መንፋት ብዙ ጊዜ የምናየው ስህተት ነው። ከቤክሎሜታዞን በኋላ አፍ መጉመጥመጥም አይረሳ።

የቲቢ ሕመምተኛ ቀጠሮ ሲቀር ተደውሎ ይፈለጋል፤ የአስም ልጅ የሚፈለግበት መዝገብ እንኳ የለውም። ጤና ጣቢያዎች እንዲህ ያለ መዝገብ ይክፈቱ፤ ከድንገተኛ ክፍል የወጣ ልጅ በ1 ወይም 2 ቀን ውስጥ ይታይ፤ በቀጠሮው ቀንም ፓፉን ይዞ መጥቶ ሲነፋ ባለሙያው ይመልከተው። ለ3 ወር የተቀጠረ ልጅ 2 ፓፍ ይዞ ይውጣ።

ከሕፃናት ሕክምና ባለሙያዎች
(ስማችን ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)