ቀላዱን ጣሉት፦ የአሜሪካ ፉትቦል ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ

በዓመቱ መጀመሪያ በአማርኛ ትምህርት ቤታችን የወላጆች ስብሰባ ላይ «ኳስ ማየትም ክበብ ተባለ?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። መልሱ ቢሮው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፦ 14 ተማሪዎች በአማርኛ የሞሏቸው 12 መዝገቦች። የዋሽንግተን ዲሲው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ «ባይሰን» ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 የተጫወታቸው 12 ጨዋታዎች አንድም ሳይቀር ተመዝግበዋል። የተጠራጠረ ገልጦ ይይ።

ሃዋርድ የተመረጠው ቅርባችን ስለሆነ ነው። ግሪን ስታዲየም እዚያው ግቢው ውስጥ ነው፤ ከዩ ስትሪት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር ይደረሳል።

የክበቡ የእሁድ ስብሰባ ከክፍል በኋላ 45 ደቂቃ ነው፤ ስለ እሱ ብዙ የሚባል የለም። ሥራው መዝገቡ ላይ ነው። አምስት ዓምድ አለው፦ ስንተኛ ሙከራ፣ የቀረው ያርድ፣ ኳሱ ያረፈበት መስመር፣ ሩጫ ወይስ ውርወራ፣ የተገኘው ወይም የጠፋው ያርድ። «ዳውን»ን፣ ማለትም ኳሱን 10 ያርድ ለማራመድ ከሚሰጡት 4 ዕድሎች አንዱን፣ «ሙከራ» ብለነዋል። «ታችዳውን»ን (ኳሱን ተጋጣሚው የሜዳ ጫፍ አድርሶ ነጥብ ማግኘትን) ግን እንዳለ ተውነው፤ ልጆቹም አልለቀቁትም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት መዝገቦች ድምር ዩኒቨርሲቲው ካወጣው ሰንጠረዥ ጋር አልገጠመም። አንደኛው ስሕተት ቀላል ነበር፤ የ5፣ የ10 እና የ15 ያርድ ቅጣቶች ከሩጫ ጋር ተደምረዋል። ቅጣት ለብቻው ነው የሚያዘው። ሁለተኛው ግን ሁለት ሳምንት ፈጅቷል። ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) ሳይወረውር ኳሱ ከተነሣበት መስመር በስተኋላ ሲጣል የሚጠፋው ያርድ በኮሌጅ ፉትቦል የሚቀነሰው ከሩጫ ላይ ነው፤ በባለሙያዎቹ ሊግ በኤንኤፍኤል ግን ከውርወራ ላይ። ልጆቹ ቤታቸው የሚያዩት የኤንኤፍኤሉን የዋሽንግተን ቡድን ኮማንደርስን ስለሆነ ከውርወራ ቀንሰው ነበር። ይህን የደረሰችበት የ6ኛ ክፍል ተማሪያችን ናት፤ በክፍል ውስጥ «እሺ» እና «አላውቅም» ከማለት በቀር አማርኛ ወጥቷት የማያውቅ ልጅ።

በጥቅምት ወር በአንዱ ቅዳሜ ወደ ግሪን ስታዲየም ስንሄድ ይህችው ልጅ አያቷን ይዛ መጣች። አያት ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ያያሉ። ሰው በሰው ላይ ሲከመር ብቻ «ኧረ ልጆቹ ተላለቁ!» ይላሉ። በአንድ 3ኛ ሙከራ ላይ ዳኞቹ ክምሩን በትነው ኳሱን አስቀመጡና ሰንሰለቱን ወደ ሜዳ አስጠሩ። በሁለት ብርቱካናማ ዘንጎች መካከል የሚወጠር፣ ልክ 10 ያርድ የሆነ ሰንሰለት ነው። አያት ብድግ አሉ።

«ቀላድ ሊጥሉ ነው እንዴ?»

ልጅቷ ቀላድ የድሮ የመሬት መለኪያ ገመድ መሆኑን አታውቅም፤ የተጠየቀችው ግን ገባት። «አዎ እማማ፣ ሊለኩ ነው። ኳሱ ዘንጉ ጋ ከደረሰ እንደገና 4 ሙከራ ያገኛሉ። ካልደረሰ የቀራቸው አንድ ነው፤ እሱም ካልተሳካ ኳሱን እዚያው ለነዚያ ይሰጣሉ።»

«መሬቱን ያስረክባሉ በይኛ!»

ኳሱ አንድ ጣት ጎደለው። አያት እስከ መጨረሻው ድረስ አልተቀመጡም፤ ልጅቷም እስከ መጨረሻው ድረስ በአማርኛ ስታስረዳ ዋለች። ከዚያ ወዲህ በክበባችን ሰንሰለቱ «ቀላድ» ነው። ወላጆች ልጆቻችን አማርኛ አይናገሩም የሚሉት የሚናገሩበት ጉዳይ ስላልተሰጣቸው ይሆናል።

ቡድኑ ዓመቱን በ6 ድልና በ6 ሽንፈት ጨረሰ። 6 ቡድኖች ያሉበትን ሚአክ የተባለውን ኮንፈረንሱን (የኮሌጅ ቡድኖች ምድቡን) አሸንፎ ዲሴምበር 16 ቀን አትላንታ ላይ በዓመቱ መዝጊያ ጨዋታ በሴሌብሬሽን ቦውል ከፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጫወተና 30 ለ26 ተሸነፈ። አራት ነጥብ ክፉ ልዩነት ነው፤ ፊልድ ጎል (ኳሱን በእግር መትቶ በግቡ ዘንጎች መካከል ማሳለፍ) 3 ብቻ ስለሚያስገኝ በ4 የተበለጠ ቡድን ታችዳውን የግድ ይለዋል። በእኛ መዝገብ ግን የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ሌላ ሽንፈት ነው፤ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ 23 ለ20 ያሸነፈበት። በዚያ ዓመት ደንብ ኖርዝዌስተርን የሚጫወትበት የውድድር ደረጃ ለ85 ተጫዋቾች ስኮላርሺፕ ሲፈቅድ የሃዋርድ ደረጃ የሚፈቅደው 63 ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር። ልዩነቱ ሜዳ ላይ 3 ነጥብ ሆኖ ታየ። በጀት የሚመድበው ኮሚቴ ይህቺን ቁጥር ልብ ይበልልን፤ ለክበቡ ዘንድሮ የደረሰው አንድ ፓኬት እርሳስ ነው።

ያልተሳካም አለ። ሦስት ልጆች በጸደይ ወደ እግር ኳስ ሄዱብን። በመኪና ማቆሚያው ላይ ለልምምድ የዘረጋነው የናይሎን ገመድም ከሸፈ፤ ናይሎን ሲወጠር ስለሚለጠጥ ሁለት ልጆች ሲስቡት 10 ያርዱ ግማሽ ያርድ ገደማ ጨመረ። ሰንሰለት አይለጠጥም።

ለ2017 የምንጠይቀው 14 የባንዲራ ቀበቶ (መጣጣል ስለማንፈቅድ ተጫዋቹ የሚያዘው ባንዲራው ሲነጠቅ ነው)፣ ለአንድ ቀን አውቶቡስ፣ ሁለት የመጥረጊያ እንጨትና ቀጭን ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱን የሚገዛልን ወላጅ 31 ጫማ ያስቆርጥ። ልኩ 30 ጫማ ቢሆንም የሚለካው በእንጨቶቹ ውስጠኛ ጠርዝ መካከል ስለሆነ ትርፉ ለማሠሪያ ይሄዳል።