ማህሙድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የት ነበር?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ማህሙድ አህመድ የሸክላ ዳግም ኅትመቶች ያወጣችሁትን ዘገባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ባጭሩ፣ ማህሙድ በደርግ ዘመን ዝም ብሎ ኋላ ፈረንጆች ከመረሳት አወጡት ይላል። እኔ የምይዘው ከፎቶግራፉ ሥር የሰፈረችውን አንዲት መስመር ነው። «እረ መላ መላ፣ በ1986 ዓ.ም. በደርግ የአፈና ዘመን የታተመ» ትላለች።

በ1986 ዓ.ም. ደርግ አልነበረም። ከወደቀ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር። ከወደቀ በኋላም ሲያፍን የኖረ መንግሥት ካገኛችሁ፣ ነገሩ ከባህል አምድ ይልቅ ለፊት ገጽ የሚሆን ዜና ነውና አደራ እንዳታባክኑት።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ ምርመራ አይጠይቅም። እረ መላ መላ የተባለው የማህሙድ አልበም መጀመሪያ የታተመው በካይፋ ሬከርድስ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ በእኛ 1967 ወይም 1968 ዓ.ም. ማለት ነው። አሳታሚው አሊ አብደላ ካይፋ፣ እኛ አሊ ታንጎ የምንለው ሰው ነው። ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነው። 1986 የሚለው ቁጥር ደግሞ ብራስልስ ያለው ክራምድ ዲስክስ የተባለ አሳታሚ ሥራውን ለአውሮፓ አድማጭ መልሶ ያወጣበት የፈረንጅ ዓመት ነው። ዘጋቢያችሁ የፈረንጁን ሸክላ ጀርባ አይቶ ቁጥሩን ገለበጠ፤ ከጎኑ «ዓ.ም.» ለጠፈበትና ጨረሰ። ዳግም ኅትመቱን የሥራው ልደት አደረገው፤ የጎርጎርዮስን ዘመንም ያለ አንዳች ሥነ ሥርዓት ኢትዮጵያዊ ዜግነት ሰጠው።

«የቁጥር ግድፈት ነው፣ እለፈው» የሚሉ አይጠፉም። ባልፈው ደስ ባለኝ። ዘገባው ራሱ ግን አላለፈውም። ከ1967 እስከ 1986 ያለው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባዶ መስሎ ስለታየው ባዶውን በተረት ሞላው። ማህሙድ በንጉሡ ዘመን ዘፈነ፤ አብዮት መጣና ድምፁ ጠፋ፤ በመጨረሻ ፈረንሳዮች ኢትዮፒክስ የተባለውን የዳግም ኅትመት ተከታታይ ይዘው ደርሰው ከመረሳት አዳኑት ተባለ። ርዕሱማ «ከዝምታ የተመለሰው ድምፅ» ነው። ለመሆኑ ማን ነው ዝም ያለው? እኔ በእነዚያ ዓመታት ኮምቦልቻ ላይ ሙዚቃ ቤት ነበረኝ። ጎረቤቶቼ ያን ዝምታ ቢያገኙት በወደዱ ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን ወደ ውስጥ አላዞር ብሏል ብለው ቀበሌ ድረስ ከስሰውኛል።

ዝም የተባለው ሰው በዝምታው ዓመታት ምን ሲሠራ እንደነበር ልንገራችሁ። አይቤክስ ሮሃ ባንድ ሆነ። ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ፣ ሰላም ሥዩም በጊታር፣ ዳዊት ይፍሩ በኪቦርድ፣ ፈቃዱ አምደመስቀል በሳክስፎን ተሰልፈው ለማህሙድም፣ ለጥላሁንም፣ ለሌላውም ካሴት በላይ በላዩ ቀረጹ። እ.ኤ.አ. በ1980 እና 1981 ማህሙድ ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ተሻግሮ በስደት ላለው ወገኑ ዘፈነ። ያኔ ከተጓዙት አንዳንዶቹ፣ የዋልያስን ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ፣ እዚያው ቀሩ፤ ማህሙድ ግን ተመለሰ። ተመልሶም ፒያሳ ላይ የራሱን ሙዚቃ ቤት ከፈተ። ድምፁ የጠፋ ዘፋኝ ሙዚቃ ቤት ከፍቶ ምን ይሸጣል? ባትሪ?

የእኔ ደንበኞች የአሰብ መስመር ሾፌሮች ነበሩ። የአገሩ ገቢና ወጪ ዕቃ በአሰብ በሚያልፍበት ዘመን ኮምቦልቻ የማያድር ከባድ መኪና አልነበረም። ሾፌሩ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ ከመውረዱ በፊት ጎራ ይልና «አዲስ የማህሙድ ወጥቷል?» ይላል። ሲመለስ ያንኑ ካሴት ይዞ ይመጣል፤ የአፋር በረሃ ሙቀት አጎብጦታል። ሌላ ይገዛል። አንድ ሥራ ሁለት ሦስቴ የሚሸጠው እንዲህ ነበር። ከአሰብ እስከ አዲስ አበባ ሌሊቱን ሙሉ የሾፌሩን ዓይን ከእንቅልፍ የጠበቀው ድምፅ በእናንተ ጋዜጣ «የተረሳ» ሆኗል። የረሳው ሰው ማን እንደሆነ ቢጻፍ ጥሩ ነበር። ምናልባት መኪና የሌለው ይሆናል።

ይህን ሁሉ ዘጋቢያችሁ ያውቃል። እንዴት ቢሉ፣ ደውሎልኝ ነበር። ስልኩ ጆሮዬ ላይ እስኪግል አወራን። የትኛው ካሴት በየትኛው ዓመት እንደወጣ ከነአጃቢው ነገርኩት፤ የሽፋኖቹን ፎቶግራፍ በልጄ ስልክ ላክሁለት። የታተመው ምንድን ነው? «በክፍለ ሀገር የሚኖሩ አንዳንድ ግለሰቦች ካሴቶችን እስካሁን ያስቀምጣሉ።» እንግዲህ አንዳንድ ግለሰብ ማለት እኔ ነኝ። ፓሪስ ያለው ሸክላ ሰብሳቢ ግን በስሙ፣ በመደርደሪያው ፎቶግራፍና «ተመራማሪ» በሚል ማዕረግ ቀርቧል። በእሱ አልቀናም። መደርደሪያው ግን በጣም ጥሩ ነው።

ኢትዮፒክስን እየተሳደብኩ እንዳይመስልባችሁ። አዘጋጁ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሠራው ሥራ ትልቅ ነው፤ እኛ ልንሠራው ሲገባ ያልሠራነው ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1984 የማህሙድን ሸክላ ሰምቶ በዚያ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። የተማረከው በሸክላ ነው፤ የፈለገውም ሸክላ ነው። ከተከታታይ ሥራዎቹ የማህሙድ የሆኑትን ስድስተኛውን፣ ሰባተኛውን፣ አሥራ ዘጠነኛውንና ሃያ ስድስተኛውን ተመልከቱ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰባዎቹ ፈቀቅ የሚል የለም። የመጀመሪያው ቅጽ ርዕስ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ብሎ ወሰኑን በግልጽ ያስቀምጣል። መራጭ የወደደውን መረጠ፤ የመረጠውንም አልደበቀም። ጥፋቱ የእሱን የምርጫ ወሰን የማህሙድ የሥራ ዘመን ወሰን አድርጎ በሚያነበው ላይ ነው። ያውም አማርኛ በሚያነበው ላይ።

ወደ ጥራት ጉዳይ እንምጣ። ዘገባው የካሴቱን ዘመን ሥራዎች በሙሉ «በኪቦርድና በከበሮ ማሽን የተበላሹ» ብሎ በአንድ ሙቀጫ ወቅጧቸዋል። ግማሽ እውነት አለው። ኋላ ላይ የወጡ፣ ኪቦርዱ ጥሩምባ ነኝ እያለ የሚዋሽባቸው ሥራዎች አሉ፤ እኔም አልወዳቸውም፤ ስሸጣቸውም ፊቴ ይናገር ነበር። የሮሃ የመጀመሪያ ዓመታት ካሴቶች ግን ከእነዚህ ጋር አይቆጠሩም። ከበሮ የሚመታው ሰው ነው፤ ሳክስፎኑ የፈቃዱ እስትንፋስ ነው፤ የሪኮ ቤዝ ዘፋኙን ቀድሞ ወጥቶ መንገድ ይጠርግለታል። በሸክላው ጊዜ ማህሙድ ጥሩምባዎቹን ሊያሸንፍ ይጮኻል፤ ድምፁን የሚያርገበግበው በጉልበት ነው። በካሴቱ ጊዜ ማሸነፍ ትቷል። ስንኙን ከምቱ ኋላ አስቀርቶ ይይዘዋል፤ አድማጩ «አለፈው» ሲል ይለቀዋል። በትዝታ ቅኝት በዝግታ የተጫወታቸውን ስሙና ከሸክላዎቹ ጋር አወዳድሩ። የእኔ ፍርድ ያለ ጥርጥር ወደ ካሴቱ ነው። በዚህ የማይስማማኝ ሰው ይኖራል፤ እሺ፣ ግን በመጀመሪያ ይስማ።

ለመስማት ደግሞ መታተም አለበት። «ከካሴት ዳግም ኅትመት አይወጣም» የሚለው የሸክላ ነጋዴ ወሬ ነው። የኃይሉ መርጊያ ነገር ምስክር ነው። አሜሪካ ቀርቶ እ.ኤ.አ. በ1985 ለብቻው የሠራውን ካሴት ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አገኘው። ልብ በሉ፣ ፓሪስ ሳይሆን ባሕር ዳር። እ.ኤ.አ. በ2013 አውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው አሳታሚው በኩል መልሶ አወጣው፤ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ሲነዳ የነበረው ኃይሉም በዓለም መድረኮች እንደገና ተጫወተ።

ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል እንጂ ተአምር አይፈልግም። ከብዙ ቅጂዎች መካከል በመጀመሪያው ሽያጭ የወጣውን መለየት ነው ቀዳሚው፤ የቅጂ ቅጂ ከሆነ ጸናጽሉ ሞቷል። የማጫወቻው ራስ ካሴቱ ሲቀረጽ ከነበረበት አቅጣጫ ጋር እስኪገጥም በትንሿ ብሎን ይስተካከላል፤ ይህ ሳይደረግ የቀረ ካሴት ሁሉ «ድምፁ የታፈነ» ይባላል፣ ደርግም የሌለበትን አፈና ይሸከማል። ረጅም ዘመን ያለ መዞር የቆየ ክር ደግሞ አንዱ ዙር በሌላው ላይ ያትማል፤ ማህሙድ ከመጀመሩ በፊት ማህሙድ ከሩቅ ሲጀምር ይሰማል። እኔ ካሴቶቼን በየጊዜው አዞራቸው የነበረው ለዚህ ነው። ሚስቴ ሥራ እንደመፍታት ትቆጥረው ነበር፤ እሷስ ትቁጠረው።

ከዚህ በፊት ተባብሬም አይቻለሁ። አንድ የስርጭት ጣቢያ ለልዩ ዝግጅት ብሎ ካሴት ተዋሰኝ፤ ሽፋኑ ያልተቀደደ፣ ሌላ የማላውቅለት ቅጂ። እንዳይቀረጽበት ከጀርባው ያሉትን ሁለት ጥርሶች ከድሮ ጀምሬ ሰብሬያቸዋለሁ። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ሲመለስልኝ ቀዳዳዎቹ በፕላስተር ተለጥፈዋል፤ ከአንደኛው ገጽ የማህሙድ ሦስት ዘፈኖች ጠፍተው በቦታቸው የአንድ ኃላፊ የስብሰባ መክፈቻ ንግግር ተቀርጿል። ንግግሩን እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ፣ ምናልባት ከኋላው ይመለስ እንደሆነ ብዬ። አልተመለሰም። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ሸክላ ገዢ ከነአስተርጓሚው ቤቴ መጥቶ፣ በካርቶን የነበሩትን ሸክላዎች መርጦ ካሴቶቹን ወንበሬ ላይ ቆልሎ ሄደ። እንዲያነሣልኝ ስጠይቀው አስተርጓሚው «አይፈልጋቸውም» አለኝ። ያልፈለጋቸው ናቸው እንግዲህ በእናንተ ዘገባ «ዝምታ» የተባሉት።

ሌላው ቢቀር በጥር 2017 ዓ.ም. ሚሊኒየም አዳራሽ የተደረገውን የማህሙድን የስንብት ኮንሰርት አስቡ። ከሕዝቡ መካከል እረ መላ መላ ሲታተም ያልተወለደው ይበዛ ነበር። ግጥሙን ግን ከእሱ ጋር ያወርድ ነበር። ይህ ትውልድ ዘፈኖቹን ከብራስልስ ሸክላ ተማረ የሚል ካለ እጁን ያውጣ። የተማረው ከእናቱ ቴፕ፣ ከአባቱ መኪና፣ ከሠርግ ቤት ነው።

የካሴቱን ጊዜ «ሕገ ወጥ ቅጂ ዘመን» ያላችሁትም ቢሆን ግማሽ እውነት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ካሴቱ ሊያበቃ ሲል ነው። አዋጁ የከዋኙንም የአሳታሚውንም መብት ይጠብቃል። ስለዚህ ነገ እነዚያን ካሴቶች የሚያሳትም ሰው ቢነሣ ከማህሙድ፣ ከሮሃ ተጫዋቾች ወይም ከወራሾቻቸው፣ ከአሳታሚዎቹም ጋር ተዋውሎ ይክፈል። እኔ አንድ ሳንቲም አልጠይቅም፤ ካሴቶቹን አስቀመጥኩ እንጂ አልዘፈንኩም።

ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነው። የፎቶግራፉን መግለጫ አርሙ፤ 1975 ጻፉ፣ ከፊቱ «እ.ኤ.አ.» አስቀምጡ። ስለ ዝምታ የሚለውን ርዕስ ከድረ ገጻችሁ ላይ አንሡ። ሁለተኛ ዘገባ ለመሥራት ከፈለጋችሁ ደግሞ ዘጋቢያችሁ ስልክ መደወሉን ትቶ ራሱ ይምጣ፤ ራሱ የተስተካከለ ማጫወቻና ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይያዝ። እዚሁ ተቀምጦ ይሰማል፣ ይቀዳል፣ ምሳም ይበላል። ማዋስ ግን የለም።

የቀድሞ ሙዚቃ ቤት ባለቤት
ከኮምቦልቻ