የጥቁር እናቶች ሞት፦ በግምት ሳይሆን በልኬት

ለአዘጋጁ፦

በአሜሪካ በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ ጥቁር እናቶችን ጉዳይ ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2023 በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር የሞቱት ጥቁር እናቶች 50.3፣ ነጮች ደግሞ 14.5 ነበሩ። ልዩነቱ በድህነት ብቻ አይገለጽም፤ ዲግሪ ያላት ጥቁር እናት እንኳ ሁለተኛ ደረጃ ካላጠናቀቀች ነጭ እናት የበለጠ ለሞት ትጋለጣለች።

አንዱ ምክንያት ግምት ነው። የሚፈሰው ደም በዓይን ሲገመት ብዙ ጊዜ ያንሳል፤ የእናቲቱ «ደከመኝ» ማለትም ሰሚ ያጣል። ደም የነካው ጨርቅ ተመዝኖ የደረቁ ክብደት ሲቀነስ ግን 1 ግራም 1 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። 1,000 ሚሊ ሊትር ከደረሰ አደገኛ የደም መፍሰስ ስለ መሆኑ ክርክር የለም።

ሁለተኛው የደም ግፊት ነው፤ ከወሊድ በኋላ እስከ 6 ሳምንት ሊነሣ ይችላል። የላይኛው 160 ወይም የታችኛው 110 ደርሶ ከ15 ደቂቃ በኋላም ካልወረደ፣ በ60 ደቂቃ ውስጥ መድኃኒት መጀመር አለበት። «ራሴን ይፈልጠኛል፣ ዓይኔን ይጋርደኛል» ያለች እንግሊዝኛ የማትችል ወገናችንን ልጇ «ራሷን አሟታል» ብቻ ብሎ ካስተረጎመላት፣ ማስታገሻ ይዛ ትመለሳለች። ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ስለዚህ በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ሆስፒታሎች እያንዳንዷን ወላድ የክንድ ግፊት መለኪያና እነዚህ ቁጥሮች በአማርኛ የተጻፉበት ካርድ ሰጥተው ይሸኙ፤ በ72 ሰዓት ውስጥም በባለሙያ አስተርጓሚ አማካይነት ይደውሉላት።