ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት፦ የአንኮበር ተዳፋት ጎጦች በስማቸውና በትክክለኛ ቦታቸው ይመዝገቡ

ይድረስ ለኢንስቲትዩቱ የሥራ ኃላፊዎች፣

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አንኮበር ሲደረስ ደጋው ያበቃል። ከዚያ ወዲያ መሬቱ በገደልና በሸለቆ እየተቆራረጠ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ ውሃውም ወደ አዋሽ ነው። በዚህ ተዳፋት ላይ ከተማ ያልተባሉ፣ ማዘጋጃ ቤት የሌላቸው፣ በወረቀት ላይ በቀበሌያቸው ስም ብቻ የሚታወቁ ጎጦች አሉ። የምንጽፍላችሁ ስለ እነሱ ነው።

አካባቢው የታሪክ ዳር አልነበረም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አልዩ አምባ የሸዋ የንግድ በር ነበረች። የአሳል ሐይቅ ጨው በታጁራ መንገድ በቅፍለት (በነጋዴዎች የጭነት ጉዞ) ይመጣል፤ የሐረር ነጋዴዎች ይሰፍሩባታል፤ ዓርብ ዓርብ ገበያዋ ይቆማል። በ1840ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የመጡት ብሪታንያውያን ሃሪስና ጆንስተን በዝርዝር ጽፈውላታል። በአቅራቢያዋ የነበረው አብዱል ረሱል ባሪያ የሚሸጥበት ገበያ ነበር፤ የሚያሳፍር ታሪክ ነውና ይተው አንልም፣ ቦታው በካርታ ላይ መታየት አለበት። በአንኮበር አቅራቢያ ያለውን ልጥ ማረፊያን ምኒልክ ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ሰጥተውት ነበር፤ የማኅበሩ መልእክተኛ ኦራዚዮ አንቲኖሪ በ1882 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ሲዛወር፣ ሐረር በ1887 (እ.ኤ.አ.) ሲያዝ፣ በመጨረሻም የጅቡቲ ባቡር በ1917 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ሲገባ የቅፍለቱ መንገድ ሥራ ፈታ።

የጎጦቹ ስም ከመዝገብ የወጣው ግን በሌላ ምክንያት ነው። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ አንድ የገበሬ ማኅበር ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር መሬት እንዲይዝ አዘዘ። እንዲህ በተቆራረጠ አገር 800 ሄክታር ብዙ መንደር ያቅፋል። ማኅበሩ አንድ ስም ያዘ፣ የቀሩት በሰው አፍ ላይ ብቻ ቀሩ። ቀበሌ በተቀላቀለ ቁጥር ደግሞ አንድ ስም ይጎድላል።

ምዝገባው ሲካሄድ የሚበላሸው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ጥያቄው ነው። መዝጋቢው «ይህ ቦታ ምን ይባላል?» ካለ የሚሰጠው መልስ የቀበሌው ስም ነው፤ ሰው ለመንግሥት ሠራተኛ የሚናገረው እሱን ነውና። «ከብት ሲጠፋ የት ታየ ትባባላላችሁ?» ብሎ የጠየቀ ግን ጎጡን፣ ጅረቱንና መሻገሪያውን አንድ በአንድ ይሰማል። ከመንደሩ ሰው፣ ከማዶ ካለው ሰው፣ ከገበያተኛም ለየብቻ ይጠየቅ። አርጎባው፣ አማራውና አፋሩ አንዱን ቦታ በተለያየ ስም ከጠሩት ሁሉም ይጻፍ፤ የነዋሪው ቀድሞ፣ የሌላው በተለዋጭነት። «አልዩ»፣ «አሊዩ» እና «ዓሊዩ» በኮምፒዩተር ፍለጋ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ስለሚሆኑ አንዱ ዋና ተደርጎ ሌሎቹ ከእሱ ጋር ይያያዙ።

ሁለተኛው ልኬቱ ነው፤ ብዙ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። ነባሮቹ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የቦታ ቁጥር በሚሰላበት መነሻ) ነው፣ የእጅ ጂፒኤስና ስልክ ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ሌላ ዳተም ይለካሉ። ዳተሙ ሳይጻፍ ቁጥሩ ብቻ ከተቀዳ ነጥቡ በካርታው ፍርግርግ (የመስመር መረብ) ላይ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። በካርታው ላይ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሜዳ አገር ማንም ላያስተውለው ይችላል። በአንኮበር ተዳፋት ግን መንደሩን ከገደሉ ማዶ ያሰፍረዋል፣ አምቡላንስም የሚላከው ወደ ማዶ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ ዳተሙና ዞኑ (አካባቢው የሚገኝበት የፍርግርጉ ክፍል፣ 37) ይጻፍ። ገደል ሥር የሳተላይቱ ምልክት ከቋጥኙ እየነጠረ ስለሚመጣ አንድ ንባብ አይበቃም፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ፣ በሌላ ሰዓት ደግሞ ተመልሶ መውሰድ ያስፈልጋል። ነጥቡ የሚወሰደው መኪና ከሚቆምበት ሳይሆን ከመስጊዱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከገበያው ሜዳ መሆን አለበት፣ የቱ እንደሆነም ይገለጽ።

ከአልዩ አምባ ዙሪያ እንዲጀመር እንጠይቃለን፤ አብዱል ረሱልና ልጥ ማረፊያ ይከተሉ። የአሮጌውን ገበያ ድንበርና የቅፍለቱን መውጫ በእግር እየመሩ የሚያሳዩ ሽማግሌዎች ናቸውና፣ ለእነሱ የቀን አበል በበጀቱ ውስጥ ከመነሻው ይያዝ። የተሰበሰበው ስም ከመጽደቁ በፊት በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነብቦ ይታረም፤ አንድ ቅጂም በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።

ከአክብሮት ጋር